የሐሙስ ምሽት ሰማይ

መምህር ወልደሥላሴ ቀን ሳይጽፍ ሥራ የሚጀምር ሰው አልነበረም። ክፍል ሲገባ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ጠመኔ አንስቶ በሰሌዳው ቀኝ ጥግ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ያሰፍራል። ከጎጃም ተመድቦ ጋምቤላ ከመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት በትምህርት ቤቱ ግቢ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ ሳያነብ የዋለበት ቀን እንደሌለ ባልደረቦቹ በግማሽ አድናቆት፣ በግማሽ ሹፈት ያወሩለታል።

ስለዚህ ተንቀሳቃሹ ዲጂታል ፕላኔታሪየም ለሦስት ሳምንት በውሰት ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመጣ ማን ይያዘው የሚለው ጥያቄ አላከራከረም። ዕቃው ሲታጠፍ በሁለት ሻንጣ ይገባል፤ በማራገቢያ ሲነፋ ግን የአዳራሹን ግማሽ የሚሞላ ጥቁር ጉልላት ይሆናል። ተማሪዎቹ ጎንበስ ብለው በጠባቧ በር ይገቡና ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። መሐል ላይ የተቀመጠው ፕሮጀክተር በጎበጠ ሌንሱ ሰማዩን በሙሉ ከራሳቸው በላይ ይዘረጋዋል። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ይጣበቃል። ቢሆንም የሳተርን ቀለበት በጭንቅላታቸው ላይ ሲዞር ያየ ማንም ተማሪ ልውጣ ብሎ አያውቅም።

መሣሪያውን ያዋሰው ፕሮጀክት ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ተማሪዎችንና አንድ መምህር አዲስ አበባ ወስዶ ለአንድ ሳምንት ሊያሠለጥን ቃል ገብቷል። ምርጫውን ለወልደሥላሴ ተዉለት። እሱም እንደ ልማዱ በዕጣም በሽምደዳም የማይሆን ፈተና አዘጋጀ። ሐሙስ ጥር 15 ምሽት፣ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሠላሳ ስምንቱም ተማሪዎች በየሰፈራቸው ሆነው ሰማዩን ያያሉ። ያዩትን በእርሳስ በተሰጣቸው ክብ ላይ ያሰፍራሉ። በነጋታው ጉልላቱ ውስጥ የዚያኑ ምሽት ሰማይ ያያሉ፤ ሁለቱን ካነጻጸሩ በኋላ ወረቀቱን ያስረክባሉ። በቅጹ አናት ላይ በደማቁ እንዲህ ብሎ አሳትሞበታል፦ «ያየኸውን ጻፍ። የተነገረህን አትጻፍ።»

ዓርብ ጠዋት መሣሪያውን ብቻውን አሰናዳ። የጋምቤላን ኬክሮስና ኬንትሮስ አስገብቶ ሦስት ጊዜ አረጋገጠ። ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው እንደሚሳሳት ስለሚያውቅ ሁለት ሰዓትን ሃያ ሰዓት ብሎ መነዘረና በራሱ ፈገግ አለ። ከዚያ ማሽኑ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ጠየቀው። እጁ በየማለዳው ሰሌዳ ላይ የለመደውን ጻፈ፦ 2017፣ 05፣ 15። ማሽኑም ዝም ብሎ ተቀበለው።

ተማሪዎቹ ገብተው ሲቀመጡ መብራቱን አጠፋ። «ይኸው» አለ፣ «ትናንት ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ከጋምቤላ የታየው ሰማይ።»

ከዚያ ከወደ ኋላ የኛኮንግ ድምፅ መጣ። ኛኮንግ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከኢታንግ መጥታ ኒውላንድ ሰፈር ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። ብዙ አትናገርም።

«ቲቸር፣ ይሄ የትናንቱ አይደለም።»

«የማነው ታዲያ? የአዲስ አበባ ነው?» አለ አንዱ በጨለማው ውስጥ። ሳቅ ሆነ።

«በምዕራብ በኩል ትልቁ ኮከብ የለም» አለች ኛኮንግ። «ከሥሩ አንድ ትንሽ ነበረ፤ እሱም የለም። ሦስቱ በሰልፍ ያሉት ደግሞ ትናንት በምሥራቅ በኩል እየወጡ ነበር። እዚህ ምዕራብ ላይ ሊገቡ ነው።»

የኮምፒዩተሩ ስክሪን ከወልደሥላሴ እጅ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር። ጎንበስ ቢል ይበቃ ነበር። ግን ሠላሳ ስምንት ተማሪ እየሰማ ነው፤ መሣሪያውን ሲረከብ ፊርማውን ያኖረው እሱ ነው፤ ልጅቷም «ይመስለኛል» አላለችም።

«ትናንት ውጪ ወጥተሻል?» አላት።

«ወጥቻለሁ።»

«የት?»

«ባሮ ዳር። ከቤታችን ጀርባ።»

«ከማን ጋር?»

«ለብቻዬ።»

«ለብቻዋ!» አለ አንዱ ድምፁን እያስረዘመ። ጉልላቱ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ወልደሥላሴ ዝም ማስኘት ሲገባው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና «ይህ መሣሪያ የሺህ ዓመት ሰማይ ሲያሰላ አይሳሳትም። አንቺ በአንድ ምሽት ገለበጥሽው» አለ። አሁን የሳቁት በእሱ ቀልድ ነበር። ደስ አለው። በኋላ ከሁሉም ነገር አብልጦ ያሳፈረው ይህ ነበር፤ ደስ እንዳለው ማስታወሱ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን አረመ። የኤልናታንና የአቢጋኤል ወረቀት ጉልላቱ ውስጥ ከታየው ጋር በትክክል ተስማማ፤ ስማቸውን ወደ አዲስ አበባ ላከ። ኛኮንግ ግን ምንም አልለወጠችም። ምዕራብ ላይ ትልቅ ነጥብ፣ ከሥሩ ትንሽ ነጥብ፣ ከአናት ወደ ምሥራቅ አጋድሎ ሌላ ደማቅ፣ ዝቅ ብሎ ቀይ። በቀይ እስክሪብቶ «0/20። ምልከታ አልተደረገም፤ ፈጠራ ነው» ብሎ ጻፈ። ውጤትን ከነአስተያየቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ልማዱ ነው፤ ግልጽነት ይለዋል። ለጠፈው።

ቅዳሜ ጀምበር ስትጠልቅ ባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ወደ ኻሊድ ሱቅ ሄደ። ኻሊድ መግሪብ ሰግዶ መመለሱ ነበር፤ የሱቁን በር እየከፈተ ወደ ምዕራብ አገጩን ቀሰረ።

«ቲቸር፣ አንተ አዋቂው ፍረደን። ያቺ ምንድን ናት? ሚስቴ ሳተላይት ናት ትላለች። እኔ አይደለችም እላለሁ፤ ሳተላይት ቢሆን ይሄዳል። ይቺ ወር ሙሉ እዚያው ናት።»

ወልደሥላሴ ዞረ። ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ፣ ገና ባልጨለመው ሰማይ ላይ፣ እንደ ፋኖስ የምታበራ አንዲት ነጥብ ነበረች። ቬነስ ናት። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም።

«ወር ሙሉ?» አለ።

«ኧረ ከዚያም በላይ! አንተ ከድንኳንህ መች ወጥተህ ታያለህ» አለና ኻሊድ ሳቀ። «ስንት ባትሪ ልስጥህ?»

ወልደሥላሴ ቆሞ እስኪጨልም ጠበቀ። ከቬነስ ሥር ሳተርን ብቅ አለች፣ ትንሽ፣ ፈዘዝ ያለች። ከአናቱ ወደ ምሥራቅ አጋድሎ ጁፒተር፤ ዝቅ ብሎ ማርስ፣ ቀይ። ሦስቱ የኦሪዮን ኮከቦች በምሥራቅ በኩል ከፍ እያሉ ነበር። የሚያነበው የኛኮንግን ወረቀት ይመስል ነበር። እያንዳንዷ ነጥብ ባስቀመጠችበት ቦታ አለች።

«ቲቸር፣ አመመህ እንዴ?» አለ ኻሊድ።

«ደህና ነኝ» ብሎ ባትሪውን ሳይዝ ሄደ።

ዘበኛው የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ከፈተለት። ኮምፒዩተሩን አበራና ተራ በተራ ተመለከተ። ኬክሮሱ ትክክል። ኬንትሮሱ ትክክል። ሰዓቱ ሃያ፣ ትክክል። ከዚያ ቀኑን አየ። ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ መንዝሮ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ትቶታል። ማሽኑ ጥር 15ን አላሳየም፤ ከሰባት ዓመት በፊት ያለፈ የግንቦት ምሽት ነበር ያሳየው። 2025፣ 01፣ 23 ብሎ አስገባ። ሰማዩ ተንሸራተተና ቬነስ ምዕራብ ላይ ቁጭ አለች።

ቀጥሎ ያደረገውን ለምን እንዳደረገ ራሱም አያውቅም። ምናልባት የለመደው ሥራ ስለሆነ ነው። የተማሪዎቹን ወረቀቶች አውጥቶ አንድ በአንድ ከአምፖሉ ፊት ያዛቸው። በላጲስ የጠፋ እርሳስ ብርሃን ሲያልፍበት ጭረቱ ይታያል። የኤልናታን ወረቀት ላይ ምዕራብ በኩል የጠፋ ትልቅ ነጥብ አለ። የአቢጋኤልም። ቀጣዩም። ቆጠራቸው፤ ከሠላሳ ስምንቱ በሃያ ዘጠኙ ላይ ቬነስ ነበረች። ሃያ ዘጠኝ ልጆች በዓይናቸው አይተው፣ በእጃቸው ጽፈው፣ ኛኮንግ ላይ ከተሳቀ በኋላ በጨለማው ውስጥ አጥፍተዋታል። በየወረቀቱ አናት ላይ «ያየኸውን ጻፍ» የሚለው በደማቁ እንደታተመ ነው።

ከአዳራሹ ሳይወጣ ወደ ፕሮጀክቱ አስተባባሪ ወደ ሪድዋና ደወለ። በአእምሮው እውነቱን አዘጋጅቶ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«የድምር ስህተት ተገኝቷል» አለ። «አንዲት ተማሪ ተበድላለች።»

«ውይ፣ ይከሰታል መምህር» አለች ሪድዋና ከአዲስ አበባ። «ግን ቲኬቱ ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ይቆረጣል። ስም ለመቀየር ከነምክንያቱ፣ ከነማኅተሙ ደብዳቤ ይላኩልኝ።»

ደብዳቤውን በዚያው ጻፈው። «በድምር ስህተት ምክንያት» የሚለውን ሐረግ ሁለት ጊዜ አነበበ። ንጹሕ ሐረግ ነው። ማንንም አያስከስስም። ተማሪዎቹ የዓይናቸውን ምስክርነት ማጥፋታቸውን፣ መምህሩም ማሾፉን አያወሳም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኒውላንድ ወረደ። የኛኮንግ አክስት ኛቦል ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ የደረቀ ዓሣ እየለየች ነበር። ኛኮንግ ግቢውን ትጠርጋለች፤ ሲገባ አንዴ አየችውና ወደ መጥረጊያዋ ተመለሰች። ኛቦል ወንበር አላቀረበችለትም።

«ደህና ዋሉ እናቴ። የኛኮንግ መምህር ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ኛቦል። «ወረቀት የጻፍክ።»

«ስለሱ ነው የመጣሁት። የድምር ስህተት ነበር። ተስተካክሏል፤ አዲስ አበባ ትሄዳለች።»

«ድምር ምንድን ነው? ቁጥር?»

«አዎ፣ ቁጥር ነው።»

ኛቦል ዓሣውን አስቀመጠች። «እኔ ቁጥር አልሰማሁም። የጎረቤት ልጅ አነበበ፣ ሰፈር ሁሉ ሰማ። አላየችም ይላል። ኮከብ አላየችም ከሆነ፣ ማታ ወንዝ ዳር ምን ትሠራለች? ከማን ጋር ነበረች? አንተ ራስህ ጠየቅህ አሉ። ሴቶች ውኃ ሲቀዱ አሁን እኔን ይጠይቁኛል። አጎቷ ሙዎች ከኢታንግ ነገ ይመጣል፤ ይወስዳታል። ትምህርት በቃ።»

የመጥረጊያው ድምፅ ቆመ። ወልደሥላሴ የጠየቀው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ ለማሳቅ እንኳ አስቦ አልነበረም። «ከማን ጋር?» ያቺ ጥያቄ ከጉልላቱ ወጥታ፣ የወንዙን ድልድይ ተሻግራ፣ እዚህ ድረስ መጥታለች።

«ንገረኝ» አለች ኛቦል። «አይታለች? አላየችም?»

«አይታለች።»

«ታዲያ ማን ነው የዋሸ?»

«ማንም አልዋሸም። እኔ…» አለና ቆመ። ተማሪዎቹን ሁልጊዜ ዓረፍተ ነገርን ሳይጨርሱ አይተዉም ብሎ ይቆጣቸዋል። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። መሣሪያው ላይ ቀኑን አበላሽቼ ጻፍኩ። እሷ ስትነግረኝ አላጣራሁም። አሾፍኩባት።»

ኛቦል እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ይሄን ለእኔ ብቻ ነገርክ። ያንን ግን ለሁሉ ሰው ነው የጻፍክ። ለሁሉ ሰው ተናገር። ሙዎች እዚያ ቆሞ ይስማ። ከዚያ እኛ እናያለን።»

«ነገ ጠዋት» አለ።

ኛኮንግ ቀና ሳትል መጥረግ ጀመረች።

ሰኞ ከሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ በፊት ለርዕሰ መምህሯ ለወይዘሮ አልማዜ ነገራት። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሰማችው።

«አቶ ወልደሥላሴ፣ ወረቀቱን ነቅለህ በሌላ ተካው፤ የልጅቷን ቤተሰብ እኔ አነጋግራለሁ። ስምንት መቶ ተማሪ ፊት መምህር ራሱን ካዋረደ ነገ ክፍሉን ማን ይይዝለታል?»

«ስምንት መቶው ካልሰማ የአክስቷ ሰፈር አይሰማም።»

«ፕሮጀክቱስ? መሣሪያውን ለማያውቅ ሰው ሰጠን ቢሉ?»

«እውነታቸውን ነው» አለ። ኪሱ ውስጥ የነበረውን የድምር ደብዳቤ አውጥቶ ፊቷ ቀደደው።

ባንዲራው ተሰቅሎ መዝሙሩ ሲያልቅ ማይክሮፎኑን ያዘ። ከአጥሩ ሥር ኛቦል ቆማለች፤ ከጎኗ አንድ ረጅም ሰው እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ሌላ አነጋገር ስለማያውቅ እንደ ቤተ ሙከራ ዘገባ ተናገረ። ዓርብ ጠዋት ምን እንዳስገባ፣ የትኛው ትክክል የትኛው ስህተት እንደነበር፣ ማሽኑ የየትኛውን ዘመን ሰማይ እንዳሳየ ተራ በተራ አስረዳ።

«ቲቸር፣ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰድከን?» ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ ረድፍ።

«ሰባት ዓመት ከስምንት ወር» አለ ወልደሥላሴ ሳያስበው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። መምህራኑም ሳቁ። ዓርብ ዕለት እንዳደረገው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አሁን በቆዳው ያውቀዋል።

«ኛኮንግ ሐሙስ ምሽት ሰማዩን በትክክል አይታለች» ሲል ቀጠለ። «የጻፈችው ሁሉ ትክክል ነው። ቅዳሜ እኔ ራሴ ቆሜ አረጋግጫለሁ። አልተሳሳተችም፣ አልፈጠረችም፣ ነበርኩበት ባለችው ቦታ ነበረች። ከማን ጋር ብዬ የጠየቅኋት ጥያቄ ከትምህርቱ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ነውር ነበር። ሌሎቻችሁም ሃያ ዘጠኛችሁ አይታችኋል፤ አይታችሁ አጥፍታችኋል። ላጲሱን ያስያዝኳችሁ እኔ ነኝ።»

ማይክሮፎኑን አስቀመጠና ወረደ። ማንም አላጨበጨበም።

ኤልናታን መንገዱ ላይ ጠበቀው። ስሙ እንደሚወጣ ገብቶታል። «ቲቸር፣ እኔም አይቻት ነበር» አለ። «መጀመሪያ ላይ ጽፌያት ነበር።»

«አውቃለሁ ልጄ። ጭረቱ አለ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምንም ልልህ አልችልም» አለው። ልጁ ቦርሳውን አስተካክሎ ሄደ።

አጥሩ ጋ ሲደርስ ሙዎች ከላይ እስከ ታች አየው። እጁን አልዘረጋለትም። «ሰማሁ» አለ ብቻ። ከዚያ ወደ ኛኮንግ ዞሮ በኑዌርኛ አጭር ነገር ተናገራትና እሷን ሳይወስድ ወደ ኢታንግ መኪናዎች መቆሚያ አቀና። ኛቦል ነጠላዋን ሰብስባ ልትሸኘው ተከተለችው። ኛኮንግ ቀረች።

ከስድስት ሰዓት በፊት እውነተኛው ደብዳቤ በማኅተም ሄደ። የሪድዋና መልስ በስልኩ የመጣው በዕረፍት ሰዓት ነው። ኛኮንግን ከክፍል አስጠርቶ ኮሪደሩ ላይ አነበበላት። ስሟ ገብቷል። አጃቢ መምህሩ ግን ይቀየራል፤ መሣሪያውንም ከፊታችን ሳምንት ጀምሮ ሌላ ባለሙያ መጥቶ ይይዘዋል።

«አንተ አትሄድም ማለት ነው?» አለች።

«አልሄድም።»

ኛኮንግ ቀና ብላ አየችው። ክፉ ፊት አልነበራትም፤ ዓርብ ጉልላቱ ውስጥ ኮከቡ የለም ስትል የነበራት ዓይነት ፊት ነው፣ ያየውን የሚናገር።

«እንደዚያ ይሻላል፣ ቲቸር» አለች።

«ይሻላል» አለ ወልደሥላሴ። ወደ ክፍሏ እስክትገባ ቆመ፤ ከዚያ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ሄዶ በቀይ የተጻፈበትን ወረቀት በጥፍሩ ከአራቱም ማዕዘን መላጥ ጀመረ። ማጣበቂያው ጠንካራ ነበር። ደወል ተደውሎ ተማሪዎቹ በጀርባው ሲያልፉ ገና ሁለተኛው ማዕዘን ላይ ነበር፤ አልፈውት ሲሄዱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።